የአሮጌ ላንድክሩዘር ትራንስሚሽን ሲያንቀጠቅጥ፦ ክሮቼራ ከመግዛትዎ በፊት

ጅማ ውስጥ «መኪናዬ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ጋራዥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰማው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነው። «ክሮቼራ ነው፤ ይቀየር» ይባላል። ክሮቼራ በትራንስሚሽኑ ጫፍ ያለው፣ ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን አዲሱ ክሮቼራ ተገጥሞ መኪናው ሰርቦ ሳይደርስ ያው መንቀጥቀጥ ይመለሳል። ከዚያ ጎማ ይቀየራል፣ ከዚያ የሞተር ሱፖርቶ (ሞተሩ የሚያርፍበት ላስቲክ)፣ በመጨረሻ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል። ክሮቼራ ቀድሞ የሚወቀሰው ርካሽና ለመቀየር ቀላል ስለሆነ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት ኋላው በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ዝርግ ስፕሪንግ) ለቆመና የፊት ጎማው በእጅ የሚዞር ሎክ (ጎማውን ከአክሰሉ የሚያገናኝና የሚለይ) ላለው ቶዮታ ላንድክሩዘር 75፣ 78 እና 79 ነው። ሃይሉክስና ላንድሮቨር ላይም ይሠራል፤ የሚለይበት ቦታ ሲደርስ እንጠቅሰዋለን። ትራንስሚሽን የምንለው ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ሳጥን) ወደ ዲፈረንሻሉ (ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያከፋፍለው) የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ነው፤ አንዱ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት።

ቀድሞ ውሃና እንጨት

ከሰኔ እስከ መስከረም ከዴዶ ወይም ከሊሙ በኩል የመጣ መኪና ቀይ ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ይዞ ይመጣል። ጭቃው ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ በአንድ ወገን ብቻም ይቀራል። አንድ እፍኝ የደረቀ ጭቃ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ከተጣበቀ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪ ለማራገብ ይበቃል። ትራንስሚሽኑ ላይ የተጋገረው ደግሞ ዘንጉ ከጎማው በብዙ እጥፍ ስለሚዞር ትንሹም ይሰማል። መኪና አጣቢዎች ከላይ ያለውን ያነጻሉ እንጂ ከቸርኬው ጀርባ እምብዛም አይገቡም። በእንጨት ፈቅፍቀው፣ በውሃ አጥበው፣ ዘንጉንም ዙሪያውን ጠርገው እንደገና ይንዱ። ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ወይም የጆንያ ክር ካለ ቆርጠው ያውጡ። ችግሩ እዚህ ካለቀ ወጪው የሳሙና ዋጋ ነው።

ጎማ ነው ወይስ ዘንግ?

7.50-16 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2.5 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 22 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጎማው በሴኮንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ ትራንስሚሽኑ በዚያው ሴኮንድ 36 ጊዜ ይዞራል። ባላንሱ የጠፋ ዘንግ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ይመታል። የክሮቼራ ማዕዘን ችግር ግን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚመታ 72 ይደርሳል።

ልዩነቱን ሰውነት ያውቀዋል። 9ኙ መሪ ላይና ወንበር ላይ ይሰማል፤ መወዝወዝ ነው፣ በጣት ሊቆጥሩት የሚቀርብ። 36ቱና 72ቱ የእግር ወለሉን፣ የማርሽ ዘንጉንና የኋላ መስታወቱን ያርገበግባሉ፤ መስታወት ውስጥ ያለው ነገር ይደበዝዛል፣ ጆሮ ላይም እንደ ትልቅ ንብ ድምፅ ይመጣል። መወዝወዝ ከሆነ ጎሚስታ ዘንድ ይጀምሩ፦ ባላንስ፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ ያበጠ ጎማ። ቸርኬው ዳር ባለው የጎማ መስመርና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ጎማው በትክክል አልተቀመጠም፤ ተነፍሶ እንደገና ይግባ። መሪው በኃይል የሚራገበው ጎርባጣ ከመቱ በኋላ ከሆነ ደግሞ የፊት አክሰል ኩሽኔታዎችና የመሪ ጫፎች ጉዳይ ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

የመንዳት ሙከራ

ከከተማው ወደ ሰርቦ ሲወጡ ቀጥ ያለና ሜዳ የሆነ አስፋልት ይምረጡ። ጠዋት በማለዳ ይሁን፤ ባጃጅና ከብት ከበዛ በኋላ አንድ ፍጥነት ጠብቆ መሄድ አይቻልም። ብቻዎን አይሂዱ። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ይጻፍ።

መንቀጥቀጡ የሚጎላበትን ፍጥነት ያግኙና እዚያው ላይ ቆይተው ከ5ኛ ወደ 4ኛ ማርሽ ይቀንሱ። የመኪናው ፍጥነት ሳይለወጥ የሞተሩ ዙር ብቻ ይጨምራል። መንቀጥቀጡ እንዳለ ከቀጠለ ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ማራገቢያው ከጥርጣሬ ወጡ። ከተለወጠ ትራንስሚሽኑን ትተው ወደ ሞተሩ ሱፖርቶ ይሂዱ።

ቀጥሎ በዚያው ፍጥነት ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሹን ወደ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ያውጡና መኪናው በራሱ እንዲንሸራተት ይተዉት። ሞተሩን አያጥፉ፤ ፍሬኑ ረዳቱን ያጣል። ይህን በሜዳ ብቻ ያድርጉ፤ ጊቤ በረሃ ቁልቁለት ላይ በፎሌ መውረድ ሙከራ ሳይሆን ራስን መጣል ነው። በፎሌ ወዲያው ጸጥ ካለ ችግሩ ጭነት ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ነው፦ ማዕዘን፣ ያለቀ ሱፖርቶ፣ የላላ ባሌስትራ። ጸጥ ካላለ ባላንስ፣ የተጣመመ ዘንግ ወይም ጎማ ነው። ነዳጅ ሲረግጡ ጸጥ ብሎ እግርዎን ሲያነሱ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ የዲፈረንሻሉን የፒኞን (ዙሩን ከትራንስሚሽኑ የሚቀበለው ጥርስ) ኩሽኔታ ይጠርጥሩ።

የፊቱን ከኋላው ለመለየት የፊት ሎኮቹን ይፍቱና ትራንስፈሩን 2 ጎማ ላይ ያድርጉት። በዚህ ጊዜ የፊቱ ትራንስሚሽን ቆሞ ይቀራል፣ ሊያንቀጠቅጥ አይችልም። እርግጠኛ ለመሆን መኪናው ቆሞ ከሥር ገብተው በእጅ ያዙሩት፤ ሎኮቹ በእርግጥ ከተፈቱ ይዞራል። ካልዞረ ሁለቱም ሎኮች ውስጣቸው ደርቆ እንደተቆለፉ ናቸው ወይም ትራንስፈሩ ከ4 ጎማ አልወጣም፤ አሮጌ መኪና ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ላንድሮቨር 110 እና ዲፌንደር ላይ ይህ ሙከራ አይሠራም፤ የፊት ትራንስሚሽናቸው ሁልጊዜ ይዞራል።

አሁንም ካልለየ የኋላውን ትራንስሚሽን አውርደው፣ የፊት ሎኮቹን ቆልፈው፣ በ4 ጎማ ከፍተኛው ላይ አድርገው በፊት ጎማ ብቻ ይንዱ። የኋላው ዘንግ ስለሌለ አስፋልት ላይ 4 ጎማ ማስገባቱ በዚህ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ሁለቱም ዘንጎች ባሉበት ግን በደረቅ አስፋልት አይሞክሩት። ያለ ጭነት፣ በቀጥታ መንገድ፣ ለጥቂት ደቂቃ። መንቀጥቀጡ ከጠፋ ጥፋቱ የኋላው ዘንግ፣ የፍላንጃዎቹ (ዘንጉ በብሎን የሚታሰርባቸው ሳህኖች) ወይም የማዕዘኑ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በላንድሮቨርና በአንዳንድ አሮጌ ላንድክሩዘሮች የእጅ ፍሬኑ ከበሮ ያለው ከትራንስፈሩ ጀርባ ነው። የኋላው ዘንግ ሲወርድ የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማን አይዝም። ድንጋይ ሳያስደግፉ ከመኪናው አይውረዱ። ያ ከበሮ ራሱም በአንድ ወገን ከተበላ ወይም ዘይትና ጭቃ ከያዘ እንደ ዘንግ ያንቀጠቅጣል፤ ብዙ ሰው አያስበውም።

ከሥር ገብቶ ማየት

ዘንጉ በእጅ እንዲዞር ማርሹ ፎሌ ላይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከሥር ከመግባትዎ በፊት መሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። የኋላ አክሰሉ በጠንካራ ብረት ወይም ግንድ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት የለም።

መጀመሪያ የፍላንጃዎቹን ዳዶ በቁልፍ ይሞክሩ። አንድ የላላ ዳዶ ብቻውን ሙሉ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ቀጥሎ ክሮቼራውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት። ቶዮታ የሚፈቅደው ጨዋታ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በእጅ የሚሰማ ማንኛውም ጨዋታ ከተፈቀደው በላይ አልፏል ማለት ነው። በቆቦቹ (የመስቀሉን አራት ጫፎች የሚሸፍኑት) ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ በቆቦቹ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን የኩሽኔታ መርፌዎች መካከል ግራሶ ከደረቀ ቆይቷል።

ከዚያ ዘንጉን በቀስታ እያዞሩ ይመርምሩ። በድንጋይ የጎደጎደ ቦታ፣ እንዲሁም የባላንስ ብረቱ የወደቀበት ምልክት አለ ወይ? ብረቱ ሲወድቅ ሁለት ትንንሽ የብየዳ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። የዘንጉን ቀጥነት ለማየት ኮምፓራተር (ባለ ሰዓት መለኪያ) ካለ መሃሉ ላይ ያስቀምጡት፤ ከ0.8 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ ተጣሟል። ከሌለ ጠንካራ ሽቦ ሻንሲው ላይ አስረው ጫፉን ዘንጉን ሊነካ እስኪቀርብ ያጥፉት፤ ሲዞር ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን ይታያል፣ በቀጭን መለኪያ ምላጭም ይለካል።

የተንሸራታቹ (ዘንጉ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት መገጣጠሚያ) ጥርስ ላይ ጣት አሳርፈው ዘንጉን ሲነቀንቁ ጨዋታው ከተሰማዎት ያ በግራሶ አይመለስም። ዘንግ ይፈለግለታል። የትራንስፈሩንና የዲፈረንሻሉን ፍላንጃ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁ፤ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ዘይት ካፈሰሰና ፍላንጃው ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አብቅቷል። እዚህ ጋ የሚሠራ ስህተት አለ፦ የፒኞኑን ዳዶ በረጅም ቱቦ አጥብቆ ጨዋታውን ማጥፋት። ውስጡ የሚጨፈለቅ ቀለበት ያለው ዲፈረንሻል ከሆነ ቀለበቱ አላግባብ ይጨፈለቃል፣ ኩሽኔታው ይነድዳል፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም ማልቀስ ይጀምራል። ፓራኦሊዮ ብቻ የሚቀይሩ ከሆነ ዳዶውንና ዘንጉን በነጥብ ምልክት አድርገው ወደ ነበረበት ይመልሱ።

ከጋራዥ ከወጣ በኋላ የጀመረ መንቀጥቀጥ

መኪናው ደህና ሆኖ ቆይቶ ትራንስሚሽኑ ከተፈታ በኋላ ከጀመረው ሌላ ነገር ሳይነኩ ሹካዎቹን (ክሮቼራው የሚገባባቸውን ባለ ሁለት ጣት ብረቶች) ይመልከቱ። ክሮቼራ ሲታጠፍ የሚሰጠው ዙር እኩል አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ይህንን የሚያጠፋው በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲቆሙ ነው። ተንሸራታቹ ተነቅሎ በአንድ ጥርስ ብቻ ተዛንፎ ቢገባ እንኳ ይህ ሚዛን ይፈርሳል፤ ሩብ ዙር ከዞረማ አንዱ የሌላውን ማጥፋቱ ቀርቶ ያባብሰዋል።

ዘንጉን መሬት ላይ አስቀምጠው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይመልከቱ፤ ሁለቱ የዘንጉ ሹካዎች እንደ መንታ መቆም አለባቸው። ብዙ ዘንግ ላይ ፋብሪካው የመታቸው ሁለት ቀስቶች አሉ፤ ግራሶና ቀለም ስለሸፈናቸው አይታዩም፣ በሽቦ ብሩሽ ሲጸዱ ይወጣሉ። አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፦ የላንድክሩዘር 80 የፊት ትራንስሚሽን ከፋብሪካው ሆን ተብሎ ተዛንፎ ነው የሚመጣው፤ «ላስተካክል» ብለው እንዳያበላሹት። ለዚህ ነው ማንኛውም ዘንግ ከመፈታቱ በፊት ሁለቱ ፍላንጃዎችና ተንሸራታቹ በቀለም መስመር የሚደረግባቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ክሮቼራውን መቀየር

በስም ብቻ አይግዙ። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ በካሊብሮ የቆቡን ወርድና ከቆብ እስከ ቆብ ያለውን ሙሉ ርዝመት ይለኩ። አዲሱን ቆብ ከፍተው መርፌዎቹ ሙሉ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ አንዷ ከጎደለች አይረባም። ሲገሮቹ፣ ማለትም ማቆያ ቀለበቶቹ፣ በሁለቱም ወገን እኩል ውፍረት ይኑራቸው። አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ክሮቼራው ከመሃል ይወጣል፣ ዘንጉም ከባላንስ ይወጣል። አዲስ ክሮቼራ ተገጥሞ የባሰበት መኪና ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሲገሮቹን በፒንሳ ካወጡ በኋላ ዘንጉን በሞርሳ (በጠረጴዛ ላይ ማጥበቂያ) ይያዙት። በአንዱ ወገን ከቆቡ ትንሽ የሚያንስ ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ ሶኬት)፣ በሌላው ወገን ቆቡን የሚውጥ ትልቅ ቡሶላ አድርገው ሞርሳውን ያጥብቁ፤ ቆቡ ወደ ትልቁ ይወጣል። በመዶሻ ዘንጉን መቀጥቀጥ ሹካውን ያጣምማል፣ የተጣመመ ሹካ ደግሞ አዲሱንም ይበላል። የሹካውን ቀዳዳ ከዝገት ያጽዱ። አዲሱን ቆብ ትንሽ ግራሶ ቀብተው መርፌዎቹ እንዲጣበቁ ያድርጉ፣ መስቀሉን ወደ ቆቡ አስገብተው ይዘው ቀስ ብለው ይጫኑ። ቆቡ ሲገሩ የሚገባበት ቦታ ሳይደርስ ከቆመ አይጫኑ፤ አንዲት መርፌ ወድቃ ታች ተጋድማለች። ይውጣ፣ ትነሣ፣ እንደገና ይግባ። የግራሶ ጡቱ ወደ ዘንጉ ይዙር፤ ወደ ፍላንጃው ከዞረ ፓምፑ አይደርስበትም።

ሁሉም ሲገር ከገባ በኋላ ሹካውን በእንጨት ወይም በነሐስ መዶሻ ከውጭ ቀለል አድርገው መታ መታ ያድርጉ፤ ቆቦቹ ወደ ሲገሮቹ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ክሮቼራው በእጅ ሲታጠፍ ለስላሳ ሆኖ ትንሽ ይበረታል። ከቆረቆረ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከያዘ አይግጠሙት።

ማዕዘኑ፣ ባሌስትራውና ቡናው

በቡና ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ የሚጭን መኪና ላይ ባሌስትራ መጨመር የተለመደ ነው። ጭነቱን ይሸከማል፤ ማዕዘኑን ግን ያበላሻል። ስለዚህ መኪናውን ባዶውንም ተጭኖም ይሞክሩት። ባዶ ሲሆን ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ኋላው ከመጠን በላይ ተነሥቷል። ተጭኖ ብቻ ከሆነ ባሌስትራው ደክሟል ወይም የባሌስትራው የመሃል ብሎን ተቆርጧል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ከላሉ ደግሞ አክሰሉ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር አፍንጫውን ስለሚያነሣ ገና ሲነሱ ይርገፈገፋል፤ የጅሬንን አቀበት በ1ኛ ማርሽ ሲጀምሩ ወለሉ ከመታዎት ይህን ይዩ።

ለመለካት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ የጎማ ንፋሱ እኩል ሆኖ ይሁን። የስልክዎ የውሃ ልክ መተግበሪያ ይበቃል። የትራንስፈሩን ፍላንጃ፣ ዘንጉንና የፒኞኑን ፍላንጃ ለየብቻ ይለኩ። ለምሳሌ ትራንስፈሩ 3 ዲግሪ፣ ዘንጉ 6፣ ፒኞኑ በዚያው አቅጣጫ 3 ካጋደለ የፊቱ ክሮቼራ 3፣ የኋላውም 3 ይታጠፋል፤ ጥሩ ነው። ፒኞኑ 5 ከሆነ ግን የኋላው የሚታጠፈው 1 ብቻ ነው፤ የ2 ዲግሪ ልዩነት አለ፣ ያ ያንቀጠቅጣል። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ አይለፍ። እያንዳንዱ ክሮቼራ ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ጭራሽ ዜሮ መሆኑም አይጠቅምም፣ መርፌዎቹ ሳይንከባለሉ አንድ ቦታ ይቆፍራሉና።

የሚስተካከለው በባሌስትራውና በአክሰሉ መቀመጫ መካከል በሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው። ለላይኛው ምሳሌ የ2 ዲግሪ። የአሉሚኒየም ሽብልቅ በጭነት ይፈረካከሳል፣ የቆርቆሮ ቁርጥራጭ መደራረብም አይሆንም። ወፍራሙ ወገን ወደ የት እንደሚዞር የሚወስነው ባሌስትራው ከአክሰሉ በላይ ወይም በታች መሆኑ ነው፤ ሳይጨርሱ በግማሽ አጥብቀው በስልኩ እንደገና ይለኩ። የመሃል ብሎኑም በሽብልቁ ውፍረት ልክ ይረዝም፤ ራሱ ከመቀመጫው ከወጣ አክሰሉ ይንሸራተታል። በኋላ በኩል ረጅም የባሌስትራ ማንጠልጠያ ማስገባት ፒኞኑን ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ኋላውን ለማንሣት ብቻ ብሎ ያስገባ ሰው ይህን አይጠብቅም።

ባላንስ በፋሸታ

ዘንጉ ቀጥ ብሎ፣ ክሮቼራው ደህና ሆኖ፣ ማዕዘኑ ተስተካክሎ ገና ካርገበገበ ባላንስ ይቀራል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማዞር ባላንስ ማድረግ አይደለም። ቶርኖ ቀጥነቱን ያሳያል፤ ክብደቱ በየት እንዳደላ የሚያሳየው የባላንስ ማሽን ነው። እሱ ካልተገኘ የውሃ ቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ ይሠራል።

በዘንጉ የኋላ ጫፍ አካባቢ ዙሪያውን በጠመኔ ለ4 እኩል ይክፈሉና 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለው ይጻፉ። አንድ ፋሸታ የብሎኑን ራስ 1 ላይ አድርገው በደንብ ያጥብቁ፣ ዘንጉ ሲዞር ማርሚታውንም ሆነ ሻንሲውን እንደማይነካ ያረጋግጡ፣ ይንዱ። ከዚያ 2፣ 3፣ 4። አንዱ ላይ ይሻላል፣ በተቃራኒው ላይ ይብሳል፤ ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ቁጥሮች እኩል ከተሻሉ መሃላቸው ላይ ያድርጉት። ተሽሎ ካልጠፋ ሁለተኛ ፋሸታ እዚያው ይጨምሩ። ሁለቱ ከበዙ ራሶቻቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በእኩል ርቀት ያራርቋቸው፤ በተራራቁ ቁጥር ኃይላቸው ይቀንሳል። አራቱም ቦታ ላይ ምንም ለውጥ ካልታየ የሚፈልጉት ነገር ባላንስ አይደለም፤ ወደ ማዕዘኑ ይመለሱ።

በፋሸታው ቦታ ብረት ለማስበየድ ከወሰኑ የብየዳው የመሬት ሽቦ ራሱ ዘንጉ ላይ ይታሰር። ሻንሲው ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በክሮቼራው መርፌዎች በኩል ያልፋል፤ በየመርፌው ላይም የተቃጠለ ነጥብ ይተዋል።

ግራሶ

ሊቲየም ግራሶ ቁጥር 2 ይሁን። ክሮቼራውን በ4ቱም ቆቦች አዲስ ግራሶ እስኪወጣ ይስጡት፤ በአንዱ ካልወጣ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ እያጠፉ ይሞክሩ። ተንሸራታቹ ላይ ግን ትንሽ ይበቃል። ከሞላ መንሸራተቻው ይታፈናል፣ መኪናው ጎርባጣ ሲመታም ዘንጉ ገብቶ መሳጠር ስለማይችል ኃይሉ ወደ ትራንስፈሩ ኩሽኔታ ይሄዳል። በበጋ በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ክረምት ላይ ደግሞ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ በዚያው ቀን። ገና ሲነሱ ከሥር «ጓ» የሚል አንድ ምት ከተሰማ ብዙ ጊዜ ተንሸራታቹ ደርቋል።

የፍላንጃ ዳዶዎችና ዩ ቦልቶች በመስቀል ቅደም ተከተል ይጥበቁ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይፈተሹ፤ ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ ያህል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ 95 ላይ ትንሽ ድምፅ ቢቀር፣ ዘንጉም ክሮቼራውም ሲነኩ ካልሞቁ፣ ተዉት። ኋላው የተነሣ አሮጌ ላንድክሩዘር በዚያ ፍጥነት ጸጥ አይልም።